የማስከፍለው በፊደል ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገራችሁ።

ይህን የምጽፈው ጳጉሜን 5 ማታ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ይዘንባል። ልጆቹ ችቦው እንዳይረጥብባቸው ጣሪያ ሥር ደርድረው ዝናቡን ይቆጣሉ። ድፎው እየበሰለ ስለሆነ የኮባው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ትናንት ግድቡ ተመረቀ። «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» የሚለውን ቀልድ ሰው ሁሉ ቀልዶታልና አልደግመውም። እኛ ሰፈር ግን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዜናውን የሰማሁት በባትሪ ሬዲዮ ነው።

ዘመኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዘንድሮ የኔታን አልጠየቅሁም። ራሴ ሠራሁት። 5500 ላይ 2018 ስትደምሩ 7518 ይመጣል። ለአራት ስታካፍሉት ሁለት ይተርፋል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ የእኛ ከተማ ሰው ዘንድሮ ትንሽ ቢኩራራ አይፈረድበትም። ዘመኑ ማርቆስ፣ ታቦቱ ማርቆስ፣ ከተማውም ማርቆስ። የከተማው የድሮ ስም እኮ መንቆረር ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ነው የተለወጠው። አያቴ ግን ስሙን ሳትቀበለው ሞተች። ገበያ ስትሄድ «መንቆረር ልውጣ» ነበር የምትለው።

በቅርብ የተዋወቅን ካላችሁ፣ እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ቆርቆሮ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የመኪና በር ላይ እጽፋለሁ። ባነር የሚያትመው ማሽን ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም አልሞተም። ባነር በሁለት ክረምት ይነጣል። የእኔ ቀለም ስድስት ክረምት ይችላል። ማስከፍለው በፊደል ነው። ታዲያ በዚህ ከተማ ከሁሉ በላይ የተነበበ ድርሰቴ የቱ ይመስላችኋል? «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ነው። ቢያንስ አርባ ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ። አንባቢዎቼ ሥሩ ቆመው ምን እንደሚያደርጉ እናንተም ታውቃላችሁ።

የኔታ ታፔላዎቼን ያርማሉ። በገበያ በኩል ሲያልፉ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ፣ «ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው፣ በእሳቱ አይደለም! ጸጉርም በጸሎቱ ጸ ነው፣ ፀሐዩን ምን አመጣው?» ይሉኛል። እኔ ልክ ናቸው እላለሁ። ሥጋ ቤቱ ግን ግድ የለውም። እሱ የሚጨነቀው ፊደሉ ከጎረቤቱ ሥጋ ቤት ፊደል ይበልጥ እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደፍሬ «የኔታ፣ ደንበኛው ነው የሚከፍለኝ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የሚያነበውስ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የንጉሡን ሠ ሳልጠየቅ እጽፋለሁ።

ሰኔ ላይ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። መድረክ ላይ የነበረው ሰውዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ልማድ ሆኖብኝ ንግግሩን በፊደል አሰላው ጀመር። «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ ዘጠኝ ፊደል። «በቀጣይ ርብርብ ይደረጋል»፣ አሥራ ሦስት ፊደል። በእኔ ዋጋ እየከፈለ ቢናገር ኖሮ በአሥር ደቂቃ ይቀመጥ ነበር። ከኋላ አንዲት እናት ተነሡና «ቤቴ ይነካል አይነካም?» አሉ። አሥራ አንድ ፊደል። አዳራሹ ጸጥ አለ። መልሱ «ጥያቄው ተመዝግቧል» ሆነ።

እንዳትሳሳቱ፣ መንገዱን አልጠላሁትም። ክረምት ክረምት በዚያ ጭቃ ውስጥ ጫማ እያወለቁ ማለፍ ሰልችቶን ነበር። ያናደደኝ ቋንቋው ነው። የቅኔ አገር ተብሎ በሚጠራ አገር፣ ዲማና ዋሸራ ባሉበት፣ እንዲህ ያለ አማርኛ ከየት መጣ? ሰም ብቻ ነው። ወርቅ የለውም። ሰሙም ቢሆን እጅ ላይ ይጣበቃል እንጂ መብራት አይሆንም።

መንገዱ ሰፋ። እኛ መስመር ላይ ሃያ ሰባት ታፔላ ወረደ፣ አሥራ ዘጠኙ የእኔ። ባለቤቶቹ በየፊናቸው ወሰዷቸው። ባለፈው ሳምንት አንዱን አንድ ግቢ ውስጥ አገኘሁት። የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። «ዘመናዊ የወንዶች ጸጉር ቤት» ይላል፣ ሥሩ አምስት ሴት ዶሮና አንድ አውራ። ጸው የጸሎቱ ነው። ልቤ ሞቅ አለ።

ስለ ሙዚቃም ላንሣ። ስሠራ ሬዲዮ እከፍታለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ በስልኩ የሚንጫጫ ነገር ይከፍታል፤ ዘፋኙ ሰው ይሁን ማሽን አይለይም። አንድ ቀን «አንቺሆዬ ቅኝት ሲሰማህ ምን ይመስልሃል?» ብለው፣ «ያረጀ» አለኝ። ለእኔ ከአራቱ ቅኝቶች የቀለም ሽታ ያለው እሱ ነው። ትዝታ ለማታ ነው፣ ባቲ ለጉዞ። አምባሰልን ሥራ ላይ አልሰማውም፣ እጄን ያንቀጠቅጠዋል። አንቺሆዬ ግን መስመር ያስቀናል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠጅ ቤት ገባን። ዘንድሮ ማታ የሚባል ነገር የለም፣ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ አዝማሪውም የመጣው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ማሲንቆ መቼም አንድ ክር ነው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ከዚያ ከአንድ ክር ያን ሁሉ ድምፅ ማውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። አንድ፣ ሁለት ብርሌ ካልኩ በኋላ ድፍረት መጣልኝና «ተቀበል!» አልኩት።

ዶዘሩ ገጣሚ ሆነ ዘንድሮማ፣
ቤት ሲመታ ዋለ መንገድ ሊያለማ።

አዝማሪው መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኘ። ማን እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ሥራው ነው። ከዚያ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አሥር ቀን ሳይሞላ ጫማዬን የሚጠርገው ሊስትሮ ግጥሙን ለእኔው ነገረኝ። «ማን ነው ያለው?» ብለው፣ «ራሱ የዶዘሩ ሾፌር ነው አሉ» አለኝ። ሌላው ደግሞ ከባሕር ዳር የመጣ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አዝማሪ ግጥም ይቀበላል እንጂ ስም አይቀበልም።

የኔታ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳቁ። ቀጠሉና «ቤቱን አግኝተሃል፣ ወርቁ ግን ቸኩሎ ወጣብህ» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሰሚው ሳይደክም ነው የሚያገኘው። ልጽፈው እንደሆነ ስጠይቃቸው ግንባራቸው ተቋጠረ። ቅኔ ቤት የትናንቱን ይዞ መምጣት ነውር ነው። ተማሪው ጉባኤ ቃናዋን፣ ሁለት ቤት ብቻዋን፣ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ለመምህሩ ይነግራል። ይታረማል። በማግስቱ አዲስ ይጠበቅበታል። «ነገ ሌላ ቁጠር» አሉኝ። ቅኔ ቆጠራ መባሉን ሁሌም አውቃለሁ፤ ከእኔ የፊደል ሒሳብ ጋር መገናኘቱ ግን ያን ቀን ነው የታየኝ።

ብዙዎቻችሁ ስለ ልብ ወለዱ ትጠይቁኛላችሁ። የጀመርኩት በ2009 ነው። አሁን ገጽ 43 ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ገጽ 51 ላይ ነበር፣ ስለዚህ እየቀነስኩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ እኛው ዘንድ፣ ጎዛምን፣ እንዶዳም ነው። እሳቸው በተወለዱበት አገር ልብ ወለድ እጽፋለሁ ማለት ከተራራ ሥር ቆሞ ቁመት እንደ መለካት ነው። እሳቸው ግን ከቅኔ ቤት ወጥተውም ረጅም መጻፍ ችለዋል። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ፊደሉን እቆጥርና ለማን ነው የማስከፍለው እላለሁ። ከዚያ እሰርዛለሁ። ምናልባት ረጅሙ የእኔ አይደለም። ምናልባትም ሰበብ ነው። ባለቤቴ ሰበብ ነው ትላለች።

ለደብዳቤዎቻችሁ ስላልመለስኩ ይቅርታ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ዳታ ጠፍቶ ለወራት የከረመበት ጊዜ እንደነበር ታውቃላችሁ። መንገድ ሲዘጋ ቀለም አይመጣም፣ ቀለም ሳይመጣ ሥራ የለም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አልጽፍም። አንዳንዶቻችሁ የጠፋባችሁ ሰው አለ፣ ለእናንተ የዓመቱ ወሬ ታፔላ አይደለም። በያላችሁበት አስባችኋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሥራ መጣልኝ። ጎረቤቴ ባለ ሱቋ ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ደጃቸው ላይ የሚሰቀል ትንሽ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። «እንኳን ለ2018 በሰላም አደረሳችሁ ብለህ ጻፍልኝ» አሉ። ዋጋውን በፊደል ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። ቆጠሩና ዝም አሉ።

«'በሰላም' የሚለውን ተወው» አሉኝ።

«ለምን እትዬ? አራት ፊደል ናት።»

«እሷ ብትቀር ይበቃል። አድርሶን የለ?»

ብሩን ለመቀነስ ይሁን ሌላ ይሁን አልጠየቅኳቸውም። ፊታቸውን አየሁ፣ ቆርቆሮውን ያዩ ነበር። እሺ ብዬ በቀይ ጻፍኩላቸው። «እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ»። ዳር ዳሩን አደይ አበባ ሣልኩበት፣ የአበባ አላስከፍልም። ሲደርቅ ከአበባዎቹ ሥር፣ ታች ጥጉ ላይ፣ በቀጭኗ ብሩሽ አራቷን ፊደል አስገባኋት። እትዬ መነጽር ስለሌላቸው አላዩዋትም። ተሰቅሏል፣ ከማርቆስ ስትመለሱ በግራ በኩል ታገኙታላችሁ። ትንሽ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል።