ለእንቁጣጣሽ የገዛሁት 9999 ጌም

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ስለ አደይ አበባ የሚጽፍ ሰው ስለማይጠፋ፣ እኔ በ1991 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሰሞን ገዝቼ ስላለቀስኩበት የጌም ካሴት ላውጋችሁ።

ገንዘቡ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ለቡሔ ከሰፈር ልጆች ጋር «ሆያ ሆዬ» ብለን ከተካፈልነው ድርሻዬ ላይ፣ መስከረም 1 ጠዋት መላእክትና አበባ የሣልኩባቸውን ወረቀቶች ለጎረቤት አዙሬ ያገኘሁትን ሳንቲም ጨመርኩ፤ የጎደለውን እማዬ ሞላችልኝና 60 ብር ደረሰ።

በማግስቱ ከታናሽ ወንድሜ ጋር መርካቶ ወረድን። ካሴቱ ቢጫ ነው፤ ፊቱ ላይ ማሪዮና ታንክ ተሥለውበት፣ ከላይ በቀይ «9999 በ1» ይላል። «ጋሼ፣ እውነት ይሄ ሁሉ ጌም አለው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ባለሱቁ «ማሙሽ፣ ማንበብ አትችልም እንዴ?» አለኝ። ማንበብማ እችል ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው።

ቤት ደርሰን ካሴቱን እፍ ብለን ከቴሌቪዥኑ ጋር በተያያዘው የጌም ማጫወቻ ላይ ሰካነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጌሞች አንጀት አርስ ነበሩ። ሰባተኛውን ስንከፍት ማሪዮ ተመልሶ መጣ፤ ልዩነቱ ከሁለተኛው ዓለም መጀመሩ ብቻ ነበር። ስምንተኛው ታንክ፣ ዘጠነኛውም ታንክ። ወደ ሃምሳኛው ስንጠጋ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁ፤ የሥዕሎቼ ድካም ትዝ ሲለኝ እንባዬ መጣ።

ዛሬ አሠራሩን አውቀዋለሁ። ካሴቱ የያዘው ጥቂት ጌም ሲሆን፣ ዝርዝሩ ያንኑ ጌም አንዴ ከሌላ ደረጃ፣ አንዴ በሌላ የነፍስ ብዛት ያስጀምረዋል። እኛ «ታንክ» የምንለው፣ የጃፓኑ ጌም ሠሪ ናምኮ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባትል ሲቲ 35 ደረጃዎች ስላሉት፣ እያንዳንዱን ደረጃ እንደ አዲስ ጌም መቁጠር ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ሲሳይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነው፤ እሱን የሚያህሉ 9999 ጌሞች 400 ሜጋባይት ግድም ይፈልጋሉ፤ ይህ ደግሞ በዚያች ቢጫ ካሴት ውስጥ የማይታሰብ ነበር። (ዛሬ ጠዋት ከላካችሁልኝ የበዓል ፎቶዎች አንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 100 ማሪዮ ይውጣል።) ባለሱቁም ቢሆን ቆጥሮት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ወንድሜ ግን እንደ እኔ ተስፋ አልቆረጠም። «አዲሱን ጌም መጨረሻ ላይ ደብቀውት ይሆናል» ብሎ፣ ካለፈው ዓመት የሒሳብ ደብተሩ የተረፉትን ገጾች በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፈላቸው፦ ቁጥር፣ ጌም፣ የተለወጠ ነገር። ከዚያ በኋላ እሱ ሲከፍት እኔ እጽፋለሁ። «118፦ ታንክ፣ ደረጃ 9።» «203፦ ማሪዮ፣ ሌሊት ነው።» እማዬ ዜና ሊጀምር ነው ብላ ሽቦውን እስክታስነቅለን ድረስ በቀን ሠላሳ አርባ እንመዘግብ ነበር፤ ትምህርት ሲከፈት ሥራው ተቋረጠ።

ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ከዋሽንግተን ደውሎ እንኳን አደረሰህ ካለኝ በኋላ፣ ስለ ልጆቹ እንኳ ሳያወራኝ «ስንት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለኝ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ስለሆነ አውጥቼ አየሁለት፤ 412፦ ታንክ፣ ደረጃ 31።

መልካም አዲስ ዓመት!