የብሮድዌይ ማማ እና ያስጠለላቸው ሰዎች

ብሮድዌይ በእንግሊዝ ኮትስዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ ግርጌ የምትገኝ፣ ቤቶቿ የማር መልክ ባለው የኖራ ድንጋይ የተሠሩ መንደር ናት። ከመንደሯ ወደ ማማው የሚያወጣው የእግር መንገድ ከቺፒንግ ካምደን ተነሥቶ እስከ ባዝ ከተማ 164 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የኮትስዎልድ የእግር ጉዞ መሥመር አካል ሲሆን፣ የበግ ግጦሽ እያቋረጠ ሽቅብ ብቻ ስለሚሄድ ኮረብታው አናት ላይ ስደርስ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረኝም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 312 ሜትር ከፍ ይላል፤ ነፋሱም ያንን አያስረሳም።

እንግሊዞች ባላባቶቻቸው ርስታቸውን ለማስዋብ ያሠሯቸውን፣ ለኑሮም ለጦርነትም ያልታሰቡ ሕንፃዎች “ፎሊ” ይሏቸዋል፤ የብሮድዌይ ማማም ከእነዚህ አንዱ ነው። ሐሳቡን አስቀድሞ የጠነሰሰው ስመ ጥሩ የመናፈሻ ንድፍ አውጪ ላንስሎት ብራውን እንደሆነ ይነገራል። እሱ ግን በ1783 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመሞቱ ንድፉን የሠራው አርክቴክቱ ጄምስ ዋያት ሲሆን፣ ግንባታው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በ1798 እና በ1799 ተከናወነ። እንደሚተረከው የኮቨንትሪ ባላባት ባለቤት የሆኑት እመቤት እዚህ ኮረብታ ላይ የሚለኮስ እሳት ርቆ ከሚገኘው ከክሩም ኮርት ቤታቸው ይታይ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ፤ እሳቱ ተለኮሰ፣ ታየ፣ ማማውም ተሠራ። ለዚህ ሲባል ያን ሁሉ ድንጋይ ማስከመር ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡ የራሳቸው ስለነበር ግን ጠያቂ አልነበረባቸውም።

ማማው 20 ሜትር ቁመት ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ሕንፃ ሲሆን፣ ሦስት ክብ ግንቦች ተያይዘውበታል። ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ነው። ቀርበው ቀና ሲሉ ግን አናቱ ላይ ለቀስተኛ መከለያ የተሠራ የሚመስል ጥርሳም ግድግዳ፣ ከድንጋይ የተፈለፈሉ አስቀያሚ ፊቶች፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ በረንዳ ያላቸው ሰፋፊ መስኮቶች ይታያሉ። ጠላት የሚጠብቅ ሰው በረንዳ አያወጣም። ዋያት ዘመናትን እንደ ልቡ ቀላቅሎ፣ በተሠራበት ዕለት አዲስ የነበረውን ግንብ የጥንት ሳክሶኖች ቅሪት አስመስሎታል።

ከ1820ዎቹ ጀምሮ ማማው በሰር ቶማስ ፊሊፕስ እጅ ነበር፤ እኒህ ሰው የጥንት ጽሑፎችን ያለ ልክ የሚሰበስቡ ስለነበሩ የግል ማተሚያቸውን እዚሁ አስገቡ። ከእሳቸው በኋላ ኮርሜል ፕራይስ የተባለ ርእሰ መምህር ተከራየው፤ ማማውን ከሌሎች ፎሊዎች የሚለየው ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም የፕራይስ ወዳጆች፣ ገጣሚውና የቤት ማስዋቢያ ንድፍ አውጪው ዊልያም ሞሪስ እና ሠዓሊው ኤድዋርድ በርን ጆንስ፣ ለዕረፍት ይመጡ ነበር። ጠባቡን ጠመዝማዛ ደረጃ ስወጣ፣ ከላይ የሚወርድ ሰው ሲያጋጥመኝ ግድግዳው ላይ እየተለጠፍኩ፣ ስንቅና አልጋ ልብስ ተሸክመው ይህንኑ ደረጃ የወጡትን ሰዎች እያሰብኩ በልቤ ሳቅሁ።

በ1876 ሞሪስ ወደዚህ ሲመጣ በመንገዱ ላይ የበርፎርድን ቤተ ክርስቲያን በእድሳት ላይ አየ። በዘመኑ እድሳት ማለት የቆየውን ልስን ፍቆ መጣል፣ በየትውልዱ የተጨመረውን አፍርሶ “የመጀመሪያው መልኩ ይህ ነበር” ተብሎ በተገመተው መተካት ነበር። በዚህ ተቆጥቶ፣ ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚከላከል ማኅበር እንዲቋቋም የሚጠይቅ ደብዳቤ ማማው ውስጥ ሆኖ ጻፈ። በተከታዩ ዓመት የቴውክስበሪ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ተራ ሲደርስ ሐሳቡን በጋዜጣ አወጣው፤ በመጋቢት 1877ም የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ። መርሁ ቀላል ነው፦ የሚያፈሰውን ጣሪያ ድፈን፣ የሚያዘነብለውን ግድግዳ ደግፍ፣ የደገፍክበት ግን በግልጽ ይታይ፤ አዲሱን አሮጌ አታስመስል። ማኅበሩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ይህ ነው። አዲስን አሮጌ ማስመሰል የሚያንገበግበው ሰው ቁጣውን የጻፈው፣ ከመሠረቱ እስከ አናቱ አሮጌ መስሎ እንዲታይ በተሠራ ግንብ ውስጥ ነበር። ለሞሪስ ግን ይህ ያስጨነቀው አይመስለኝም። ዋያት የማንንም ሥራ አላፈረሰም፤ ባዶ ኮረብታ ላይ የራሱን ውሸት በራሱ ድንጋይ ሠራ እንጂ፤ ያም ውሸት በሞሪስ ጊዜ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ፣ በራሱ መጠበቅ የሚገባው እውነተኛ ቅርስ ወደ መሆን ደርሶ ነበር።

ከማማው ጥቂት ራቅ ብሎ በሣሩ መካከል የብረት ክዳን አለ። ከሥሩ፣ ቀጥ ባለ መሰላል የሚወረድበት፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የተቆፈረ ጠባብ ክፍል ይገኛል፤ የኑክሌር ቦምብ ከወደቀ ፍንዳታውንና ጨረሩን ለክተው በስልክ የሚያሳውቁ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች እንዲቀመጡበት የታሰበ ነበር። በ1991 ከአገልግሎት ወጥቶ በኋላ ለጎብኚዎች ተስተካክሏል። መግቢያው የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ያሻል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ይህን መሰላል ትቶ የማማውን ደረጃ ቢመርጥ ይሻለዋል።