ያበጠው ቁርጭምጭሚቴ አልነበረም

ፒያሳ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ነው። ግራ እግሬ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ ታጠፈ። «ቋ» ሲል ሰማሁት። ማታ ላይ የእግሬ የውጭ ጎን፣ በትንሿ ጣቴ በኩል ያለው፣ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ወረፋ ጠበቅኩ፣ ገባሁ።

ነገሩ የተበላሸው ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ሐኪሙ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «እግሬን ወለም ብሎኝ» አልኩት። በእኛ ቋንቋ እግር ከጭን እስከ ጣት ነው። ወለም አለ ሲባል ደግሞ ሁሉም የሚያስበው ቁርጭምጭሚት ነው። ካልሲሽን አውልቂ አላለኝም፤ እኔም አላወለቅኩም። የራጅ ማዘዣው ላይ «ቁርጭምጭሚት» ብሎ ጻፈ። ራጁ ሲመጣ «አጥንትሽ ደህና ነው፤ ወለምታ ነው፤ ቀስ እያልሽ እርገጪበት» ተባልኩ። ያመመኝን ቦታ እኮ ማንም አላየውም! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሦስት ሳምንት ረገጥኩበት። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ እግሬ እየቆምኩ ሥራ ተመላለስኩ። እናቴ «ወጌሻ ይይሽ» ብላ ሁለት ጊዜ አሳሸችኝ። ሰውየው አውራ ጣቱን እብጠቱ ላይ ሲጭን ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። እሱን አልወቅስም፤ ወለምታ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

በ4ኛው ሳምንት ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «የቱ ጋ ነው? በአንድ ጣትሽ አሳዪኝ» አለችኝ። ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ የሚሄደው አጥንት፣ የተረከዝ በኩል ጫፉ ላይ፣ የእግር የውጭ ጎን መሃል ጋ ስትዳስሱት ጎላ ያለች ጉብታ አለችው። እሱ አካባቢ ስነካው ጮህኩ። አዲስ ራጅ ተነሳሁ፤ አምስተኛው ሜታታርሳል የሚባለው ይኸው አጥንት ተሰብሯል። የጆንስ ስብራት ይሉታል። በአውሮፓውያኑ 1902 ስለዚህ ስብራት የጻፈው ሮበርት ጆንስ የሚባል ሐኪም ነው፤ የገዛ እግሩ ዳንስ ላይ ተሰብሮበት። ቦታው ደም በደንብ ስለማይደርሰው ቶሎ አይገጥምም። መርገጥ ደግሞ ያባብሰዋል። ጀሶና ክራንች፣ 8 ሳምንት።

ሐኪሞች የኦታዋ መመሪያ የሚሉት አለ። ያቺ ጉብታ ስትነካ ካመመች፣ ወይም 4 እርምጃ መራመድ ካቃተ፣ ራጅ ይነሳል። መንካቱ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

እዚያ ጋ ያበጠ ሁሉ ስብራት አይደለም። የጅማት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ጠባብ ጫማ ትንሿ ጣት ሥር ጉብታ ያወጣል። ሪህም አለ፣ ቀልቶ ያቃጥላል። ብዙ ሩጫ ሳትወድቁም አጥንት ይሰነጥቃል። ሁለቱም እግራችሁ ካበጠ ግን ልብና ኩላሊታችሁን ታዩ።

እኔን የምትሰሙኝ ከሆነ፣ ሐኪሙ ባይላችሁም ካልሲያችሁን አውልቁ። «እግሬን» አትበሉ፤ ቦታውን ንኩና አሳዩ። ማዘዣው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ራጁ ደህና ነው» ቢሏችሁም በሳምንቱ እብጠቱ ካልቀነሰ ተመለሱ። አጥንቱ ሳይታይ ደግሞ ለወጌሻ አትስጡት፣ እናት ብትቆጣም።

የመጀመሪያው ራጅ አሁንም ቤት አለ። መስኮት ላይ ይዤ አየዋለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ጥርት ብሎ ይታያል። ፊልሙ የሚያልቀው የተሰበረችው አጥንት ጋ ሳይደርስ ነው።