«እምቢ» ከማለቴ በፊት ደቂቃ ቆጠርኩ

አዲሱ የምዘና ሥርዓት ሲመጣ በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማኅበር ተወካይ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ያምራል። የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ውጤት በአንድ ፈተና ብቻ አይወሰንም፤ ግማሹን ማርክ የክፍሉ መምህር ከፕሮጀክትና ከቃል ገለጻ ይሰጣል። ማኅበሩ ወዲያው ተቃወመ። እኔም አብሬ ጮህኩ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ግን አሳፋሪ ነበር። «የትምህርት ጥራት ይወድቃል» አልን። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ኃላፊ ፈገግ ብለው «እንዴት?» አሉን። ተያየን። ጥራት፣ ጥራት ስንል ዋልንና ባዶ እጃችንን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ነው የሌላ አገር መምህራን እንዴት እንደተከራከሩ ማንበብ የጀመርኩት። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 መምህራን አገር አቀፍ ምዘናውን አንሠራም አሉ። በለንደን የዋንድስዎርዝ ወረዳ ምክር ቤት አንዱን የመምህራን ማኅበር ከሰሰና ተረታ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ የሥራ ጫና ስለሆነ ሕጋዊ የሥራ ክርክር ነው አለ። ይቺን ሳነብ ነቃሁ። እኛ ስለ ጥራት ስንፈላሰፍ የራሳችንን ሥራ እንኳ አልቆጠርንም።

የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ከፍቼ ማረም ጀመርኩ። አራት ክፍል አስተምራለሁ፤ በየክፍሉ 52 ተማሪ አለ። አንድ ፕሮጀክት 12 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም አስተያየት ሳልጽፍ። ለ208ቱ ሲባዛ ከ41 ሰዓት በላይ ነው፤ ለአንድ ዙር ብቻ። ባልደረቦቼንም እንዲለኩ ለመንኳቸው። «ቆጣሪ ልትገጥምብን ነው እንዴ?» እያሉ ቀለዱብኝ፤ ቢሆንም ለኩ።

ሌላም ነገር ሞከርኩ። የአንዲትን ተማሪ ፕሮጀክት ስሟን ሸፍኜ ለአምስት መምህራን ሰጠሁ። ከ20፣ ዝቅተኛው 11 ከፍተኛው 17 ሆነ። 17 የሰጠችውን መምህርት ለምን ስላት «እሷማ ጎበዝ ልጅ ናት» አለችኝ። ስሙ ተሸፍኗል እኮ! በእጅ ጽሑፏ አውቃታለች።

እውነቱን ልናገር፣ ከሰዓቱ ይልቅ የሚያስፈራን ይሄ ነበር። ወሬው ገና እንደተሰማ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው «መምህር፣ ሦስት ማርክ ለእርስዎ ምንዎ ናት?» ብለውኛል። ያኔ ምን እንደምመልስላቸው ጠፍቶኝ ሰዓት እያየሁ ሸሸሁ።

አየርላንድም የከረረው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃውን ፈተና መምህራን ራሳቸው ለገዛ ተማሪዎቻቸው እንዲያርሙ አቀደ። ሁለቱ ማኅበራት በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ የአንድ አንድ ቀን አድማ መቱ። በስምምነቱ የመጨረሻው ፈተና በውጭ አራሚ እንዲቀጥል፣ የክፍል ምዘናው ለብቻው እንዲመዘገብ ተደረገ። ለመምህሩም በዓመት 22 ሰዓት ተመደበለት። አንደኛው ማኅበር በ2015 ሲቀበል ሌላው እስከ 2017 አንገራግሯል።

ወደ ኃላፊው ስንመለስ ሦስት ጥያቄ ይዘን ገባን፦ የመምህሩ ድርሻ ይቀነስ፣ ወረቀቱ በስም ፈንታ በኮድ ሌላ ትምህርት ቤት ይታረም፣ ለእርማት ጊዜ ይሰጠን። ኃላፊው አሁንም «እንዴት?» አሉ። 11ና 17 የተጻፈበትን ወረቀት ፊታቸው ዘረጋሁላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ድርሻው ወደ 30 በመቶ ወረደ፤ ኮዱም ተፈቀደ።

ጊዜውን ግን ነፈጉን። ያን ሁሉ ደቂቃ ቆጥሬ! ጥፋቱ የእኔ ነው። 41 ሰዓት ይበዛብናል አልኩ እንጂ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ከየትኛው ላይ ይነሳልን አላልኩም። አየርላንዶቹ ቁጥር ይዘው ወጡ፤ እኔ ይዤ የወጣሁት እሮሮ ነው። ሌላው የሚቆጨኝ ተማሪዎቹን አንድም ቀን አለመጠየቄ ነው። ፕሮጀክቱን የወደዱት ብዙ እንደነበሩ የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ባለፈው ያቺ እናት እንደገና መጡ። በሩ ላይ አገኙኝ፣ ያቺኑ ሦስት ማርክ ጠየቁኝ። «የልጅዎን ወረቀት የማርመው እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ታዲያ ማነው?»

«እኔም አላውቀውም።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።