ጽሑፉን ሸፍናችሁ ግለጡት፦ ለትናንሽ አንባቢዎች የሥዕል መጽሐፍ ሲመረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች ቤታቸው ሲገቡ አንዱ አማርኛ፣ አንዷ አፋን ኦሮሞ፣ አንዱ ሶማልኛ ሊያወሩ ይችላሉ። ሐረር ከሆነ ሐረሪም ይጨመራል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚገዛ መጽሐፍ መጀመሪያ መመዘን ያለበት በሥዕሉ ነው። ፊደል ገና ያልጨረሰ ልጅም ሆነ የመጽሐፉ ቋንቋ ሁለተኛው የሆነ ልጅ ታሪኩን የሚይዘው በዓይኑ ነው።

መመዘኛው ቀላል ነው። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግለጡት። ባለታሪኩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ፣ ምን እንደገጠመውና ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ከሥዕሉ ብቻ ማወቅ ከቻላችሁ መጽሐፉ ለቀጣዩ ፈተና በቅቷል። ልጅ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ለእሱ ስጡትና በሚቀናው ቋንቋ ይተርክላችሁ፤ የት ላይ እንደሚቆም አስተውሉ።

ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ይወድቃል። በየገጹ ዐሥር መስመር ጽሑፍ ተደርድሮ ሥዕሉ ዝም ብላ የቆመች አንዲት ልጅ ብቻ ይሆናል። ጽሑፉ ሦስት ፍየሎች ሲል ሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ልጆች ደግሞ ይቆጥራሉ። ገጽ 4 ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ገጽ 6 ላይ ሰማያዊ ለብሳ ትመጣለች፤ የስድስት ዓመት አንባቢ ሌላ ሰው መጣ ብሎ ያስባል። ሥዕሉ ሁለት ገጽ ላይ ሲዘረጋ የባለታሪኩ ፊት መሐል ስፌቱ ውስጥ ይሰጥማል። አሁን አሁን በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚፈበረኩ ሥዕሎችም በዝተዋል። እነዚህን ስታዩ የልጁ ፊት ከገጽ ገጽ አንድ ዓይነት መሆኑንና ጣቶቹ አምስት መሆናቸውን ተመልከቱ። የሠዓሊው ስም ሽፋኑ ላይ መጻፉም ጥሩ ምልክት ነው፤ ሥዕሉን እንደ ሥራ ቆጥሮት የከፈለበት አሳታሚ ስሙን አይደብቅም።

የፊደል መጻሕፍትን ለብቻ ፈትሹ። ከ«ነ» አጠገብ «ነብር» ብለው ባለ መስመሩን የእስያ አውሬ የሚያትሙ አሉ፤ የእኛ ነብር ባለ ነጠብጣቡ ነው። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙት ላይ ደግሞ ሥዕሉ በፊደሉ ጨርሶ የማይጀምርበት ጊዜ አለ።

ከሥዕሉ ቀጥሎ የፊደሉ መጠንና አቀማመጥ ይመጣል፤ እዚህ ላይ በቂ ትኩረት የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ቱ እና ቲ የሚለያዩት ቅጥሏ መሐል ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው። ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት አናት ላይ ባለች ጭረት ነው። በ12 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) እና በደከመ ሕትመት እነዚህ ጭረቶች ይጠፋሉ። ልጁ «ተሳሳተ» ይባላል እንጂ ጭረቷን አላያትም። ለመዋዕለ ሕፃናትና ለአንደኛ ክፍል ከ20 እስከ 24 ፖይንት፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ከ16 እስከ 18 ፖይንት ፈልጉ። ወደ መጽሐፍ መደብር ስትሄዱ በ12፣ በ16 እና በ20 ፖይንት አንዳንድ መስመር ያተማችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ከገጹ ጎን አስጠግታችሁ አወዳድሩ። ጽሑፉ በሥዕል ላይ ከተጻፈ ከሥሩ ያለው ቀለም ወጥና ፈዛዛ መሆን አለበት፤ ቅጠልና ሣር ላይ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ለጀማሪ አይነበብም።

ሌላው ችግር የቃል መሰበር ነው። በአማርኛ ሕትመት መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን ያለምንም ምልክት ቆርጦ ቀሪውን ወደ ታች ማውረድ የቆየ ልማድ ነው። «ልጆ» ላይ ተቆርጦ «ች» ብቻዋን ታች ስትወርድ ጀማሪው ሁለት ቃል አድርጎ ያነባታል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለሦስተኛ ክፍል ይሆን ይሆናል፤ ለአንደኛ ክፍል ግን አልመክርም።

ደረጃውን ስትለዩ ቃል ብቻ መቁጠር ያሳስታል። «አልተመለሰችላቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ፊደል በፊደል ለሚያነብ ልጅ ግን 11 ፊደል ነው። ከመጽሐፉ መሐል አንድ ገጽ ውሰዱና በየቃሉ ያሉትን ፊደላት ቁጠሩ። ለአንደኛ ክፍል አብዛኛው ቃል ከሁለት እስከ አራት ፊደል፣ በገጽ ከአንድ እስከ ሁለት መስመር፣ በጠቅላላው ከ16 እስከ 24 ገጽ ጥሩ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ ፊደል ያላቸው ቃላት ከሦስት ካለፉ ወደ ላይኛው ክፍል አሳልፉት። እየተደጋገመ የሚመጣ ሐረግ ያለበትን አስቀድሙ፤ ልጁ በሦስተኛው ገጽ ላይ ራሱ ቀድሞ ይለዋል። መጨረሻው ላይ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው» ብሎ ምክር የሚደረድረውን ግን ወደ ኋላ አድርጉት። ታሪኩ የቻለውን ነግሯል፤ ልጁም ያ ገጽ ሲደርስ መጽሐፉን ይዘጋል።

በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቋንቋ የያዙ መጻሕፍት ለድሬዳዋ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ሲሠራባቸው ግን ችግር አለባቸው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ሲጻፍ ረጅም አናባቢም ሆነ የሚጠብቅ ተነባቢ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ ከአማርኛው የበለጠ ቦታ ይወስዳል። አሳታሚው ሁለቱንም ለማብቃቃት ፊደሉን ያሳንሳል፣ ሥዕሉንም ይቆርጣል። አንዱ ታሪክ በተመሳሳይ ሥዕል በየቋንቋው ለየብቻ የታተመ ከተገኘ እሱን ግዙና መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጽሑፍ አልባ የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ይተረካል፤ ከመቶ መጽሐፍ ቢያንስ ዐሥሩ እንዲህ ያለ ይሁን።

የደጋ ማሳ፣ ጋቢና የሣር ቤት ያለባቸው መጻሕፍት ጥሩ ናቸው፤ ልጁ ያላየውን አገር ያሳዩታል። ሁሉም እንደዚያ ሲሆኑ ግን ግመሉ፣ ባጃጁ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ የሐረር ጁገል ጠባብ መንገድ፣ ጊሽጣውና ዘይቱኑ መጽሐፍ ውስጥ አይገቡም። ሻሽ ያሰረች እናትና ነጠላ የለበሰች እናት ሁለቱም በመደርደሪያው ላይ መገኘት አለባቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ባለ 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ላይ የጀርባው ሥዕል ያሳልፋል፤ ለቀለም ሥዕል ከ100 እስከ 130 ግራም፣ ለሽፋን ከ250 ግራም ያላነሰ ጠይቁ። እስከ 32 ገጽ ላለው መጽሐፍ መሐሉ በሽቦ የተሰፋው ይሻላል፤ ተዘርግቶ ይቀመጣል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀው በድሬዳዋ ሙቀት ሙጫው ይለሰልስና ገጹ ይለቃል። ሲገዛ መሐሉን እስኪተኛ ድረስ ገልጣችሁ አንዱን ቅጠል በቀስታ ሳቡት። ወረቀቱን፣ ስፌቱንና የፊደሉን መጠን የግዢ ጥያቄው ላይ በጽሑፍ አስፍሩ። ይህ ካልተጻፈ በሦስት ፕሮፎርማ ውድድር ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ የሚመጣው ደግሞ የፎቶ ኮፒ ያህል የደበዘዘ ሕትመት ሊሆን ይችላል።

በስጦታ የሚመጣው መጽሐፍ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ይለይ። አንዴ ንብረት ሆኖ ከተመዘገበ የማይጠቅመውን ለማስወገድ ኮሚቴና ደብዳቤ ይጠይቃል፤ መደርደሪያውም ለዓመታት ይታፈናል። ገጽ የጎደለውን፣ የተሞላ የሥራ ደብተሩን፣ ሥዕል አልባውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አትረከቡ። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ባይኖርም ሥዕሉ የሚተርክ ከሆነ ግን ተቀበሉት።

በጀት ሲያጥር አፍሪካን ስቶሪቡክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ታሪኮች አሉ፤ ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ ማተም ይቻላል። ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ አራት የኤ4 ወረቀት ነው፤ በሁለቱም በኩል ታትሞ መሐሉ ላይ ይታጠፋል። የገጹ ቁጥር ለአራት የማይካፈል ከሆነ ባዶ ገጽ ጨምሩ። በጥቁርና ነጭ የምታትሙ ከሆነ በወፍራም መስመር የተሣለውን ምረጡ፤ የውኃ ቀለም ሥዕል ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ማጠፊያው ላይ በረጅም ስቴፕለር ሁለት ቦታ ምቱት። ስቴፕለር ከሌለ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱና በወፍራም ክር ስፉት፤ ቋጠሮው በውስጥ በኩል ይሁን። የተቀደደ ገጽ ላይ ተራ ስኮች አትለጥፉ፤ በሙቀት ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫውም ወጥቶ ሁለት ገጽ ያጣብቃል። ስስ ነጭ ወረቀትና የስታርች ሙጫ ይበቃል።