የጓዳሉፔ ወንዝን ሜርኩሪ እስከ ባሕሩ እንዴት ተከታተልኩ

ሜርኩሪ ከወንዝ ወደ ባሕር የሚሄደው በአብዛኛው በደለል ላይ ተጣብቆ ነው። ይህን በደንብ የተረዳሁት እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከጓዳሉፔ ወንዝ ናሙና ስወስድ ነው።

ከከተማዋ በስተደቡብ ኒው አልማደን የሚባል የማዕድን ማውጫ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የእሱን ያህል ሜርኩሪ ያመረተ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። ሲናባር የሚባለውን ቀይ ድንጋይ በምድጃ እያቃጠሉ ሜርኩሪውን ያወጡ ነበር። ብዙው የሄደው ወርቅና ብር ለማንጠር ነው። የተቃጠለው ድንጋይ ግን ጅረት ዳር ተደፍቶ ቀረ። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከዚያም በአልቪሶ በኩል ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል።

የምንለካው በሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ናኖግራም ነው። አንድ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ስለሆነ ትንሽ አቧራ እንኳ ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ሁለት ሆነን እንሠራለን። የሥራ ባልደረባዬ ጠርሙሱ ከታሸገባቸው ሁለት ከረጢቶች የውጭውን ትከፍታለች፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ትይዛለች። እኔ ከውስጠኛው ከረጢትና ከጠርሙሱ በቀር ምንም አልነካም። ከሜርኩሪ የጸዳ ውሃም ወንዝ ዳር ወስደን ልክ እንደ ናሙናው እንገለብጠዋለን። እሱ ውስጥ ሜርኩሪ ከተገኘ ከእኛ የመጣ ነው ማለት ነው። ጊዜ አጠረን ብላችሁ ይህን እንዳትዘሉት።

ከዚያ እያንዳንዱን ናሙና ለሁለት እከፍላለሁ። አንዱን ደለሉን በሚያስቀር የ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፋለሁ፣ ሌላውን እንዳለ እተወዋለሁ። ትልቁን ነገር ያስተማረኝ ይህ ነው። በበጋ ወንዙ ጠርቶ ሲፈስ የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ነው። ጎርፍ መጥቶ ውሃው ሲደፈርስ ግን ባልተጣራው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ሽቅብ ይወጣል፤ በተጣራው ውስጥ ያለው ያን ያህል አይነቃነቅም። እዚህ አገር ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት ስለሆነ የዓመቱ ሜርኩሪ አብዛኛው በጥቂት ጎርፎች ያልፋል። በጠራ ቀን ብቻ ለክቶ ወንዙ ደህና ነው ማለት አይቻልም። የአየር ትንበያውን እያዩ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጎርፉ ገና ሲጨምር መድረስ ያስፈልጋል። የፍሰቱ መጠን አብሮ ካልተመዘገበ ደግሞ ስንት ሜርኩሪ እንዳለፈ ማስላት አይቻልም።

አልቪሶ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ጨዋማው ውሃ ሲያገኘው የላመው ደለል እርስ በርሱ ተያይዞ ይሰምጣል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል እንደገና ይነሣል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ አንድ ናሙና ምንም አይነግረኝም፤ ሲሞላም ሲጎድልም እቀዳለሁ። ኦክስጅን በሌለው የረግረግ ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪውን ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይቀይሩታል። በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀመው ይሄኛው ነው። ባሕረ ሰላጤው ላይ ዓሣ ለምታጠምዱ ወገኖቼ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች፣ ግዛቱ ያወጣውን የአመጋገብ ምክር እባካችሁ ተመልከቱ።

አሁን የሚያሳስበኝ በባሕረ ሰላጤው ዳር ጨው ይመረትባቸው የነበሩት የድሮ ኩሬዎች ጉዳይ ነው። ወደ ረግረግ ለመመለስ እየተከፈቱ ነው፤ ኤ8 የሚባለው ኩሬ እ.ኤ.አ. በ2011 ለባሕር ውሃ ተከፍቷል። ለወፎቹም ለዓሣውም ትልቅ ነገር ነው፣ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ግን ወንዙ ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚወርድበት የአልቪሶ ቦይ የሚመላለሰው ውሃ ሲጨምር የተቀበረውን አሮጌ ደለል ሊቦረቡረው ይችላል። ስለዚህ ኩሬ ከመከፈቱ በፊትም በኋላም፣ ያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ዘዴ መለካት አለበት።