አሲዳማውን ማሳችንን እንዴት እንደመለስነው

እንጅባራ አካባቢ መሬት ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ዝናቡ ብዙ ነው፣ በክረምት አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ገብስ ሲዘሩበት ግን ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ይሆንና እዚያው ይቀራል። ማዳበሪያ ሲጨመርበት ትንሽ ቀና ይላል። በዓመቱ ያንኑ ምርት ለማግኘት ደግሞ ሌላ ጭማሪ ይፈልጋል። አባቴ «መሬቱ ደክሟል» ይል ነበር። ብዙ ጎረቤቶቻችን ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ተክለውበት ከሰል አክስለው ይሸጣሉ። እኛ ያንን ማሳ ወደ ገብስና ድንች መልሰነዋል። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል።

መጀመሪያ አፈሩን አስመረመርን። ይህን ሳያደርጉ የአፈሩን አሲድነት የሚቀንሰውን ኖራ መግዛት በግምት መድኃኒት እንደመውሰድ ነው። ናሙና አወሳሰዱ ቀላል ነው፤ ማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ ከተለያዩ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር መውሰድ፣ በንጹህ ባልዲ ማደባለቅ፣ ጥላ ሥር ማድረቅ፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል መላክ። አጥር ሥር፣ ፍግ የተከመረበት ወይም አመድ የተደፋበት ቦታ አይወሰድም፣ ውጤቱን ያዛባል። ውጤታችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 4.7 መጣ።

ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? 7 መሃል ነው፣ ከዚያ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል። አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ደግሞ አሲድነቱ 10 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 4.7 ከ5.7 ጋር ሲተያይ ቅርብ ይመስላል እንጂ ልዩነቱ የትና የት ነው። ከ5.5 በታች ሲሆን አፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመርዘዋል። ገብሱን ነቅላችሁ ሥሩን ብታዩት አጭርና ወፍራም ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ወደ ታች መውረድ አልቻለም። ዝናብ ለጥቂት ቀን ሲጠፋ ቶሎ የሚጠወልገውም ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን የፎስፈረሱ ነገር ነው። ስንት ብር ከፍለን የገዛነው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ እዚህ አፈር ላይ ከአልሙኒየምና ከብረት ጋር ይጣበቃል። ማሳው ውስጥ አለ፣ ሰብሉ ግን አያገኘውም። እኔ ይህን ሳውቅ ነው «ማዳበሪያ ጨምር» የሚለው ምክር ብቻውን ለምን እንደማይሠራ የገባኝ።

እንዲህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። ኃይለኛ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስዳል። እኛም እህሉን ከነገለባው ጠርገን እናስገባለን። ለዓመታት የተጨመረው ዩሪያም የራሱን አሲድ ይተዋል። ከመሬቱ የወጣው ብዙ፣ የተመለሰለት ትንሽ ነው። የዚህ ሁሉ ነገር ሥሩ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ኖራው እንምጣ። ለእንዲህ ዓይነት መሬት ብዙ ጊዜ የሚመከረው በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ነው፣ ትክክለኛው መጠን ከምርመራው ይወጣል። እኛ የጀመርነው በአንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር በምትሆነው ነው። ከባዱ ነገር ማጓጓዙ ነው። ለብቻ ማምጣት አያዋጣም፣ ስለዚህ ከጎረቤቶች ጋር ሆነን አንድ አይሱዙ ተከራየን። ስትገዙ የእርሻ ኖራ መሆኑን አረጋግጡ። የእርሻው ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ነው፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በደንብ የላመ መሆኑንም በጣታችሁ ዳስሱት፣ ሻካራው ቶሎ አይሠራም።

ነፋስ በሌለበት ጠዋት አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በተንነው፣ ከዚያ ደጋግመን አረስነው። ላይ ላዩን የተበተነ ኖራ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ሥሩ የሚደርስበት ጥልቀት ድረስ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቢቀድም ጥሩ ነው። ሙሉውን መጠን መግዛት የማይችል ሰው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት በሚዘራበት መስመር ላይ እየጨመረ መሄድ ይችላል፣ ይህም ይሠራል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ኖራ ማዳበሪያ አይደለም። መንገዱን ይከፍታል እንጂ ሰብሉን አይመግብም።

የሚመግበው እበቱ ነው። እኛ ቤት ትልቁ ክርክር የተነሳውም እዚህ ላይ ነው። እንደ ብዙ የደጋ ቤት እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ነበር የሚያልቀው። «ኮምፖስት እናድርገው» ስል እናቴ «እሺ ልጄ፣ እንጀራውን በምን ልጋግር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው የአፈር ትምህርት ሁሉ ከስብሰባ አዳራሽ አያልፍም። ማገዶ ሳይገኝ እበት ማሳ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ዲከረንሱን ዳር ዳሩንና ቁልቁለቱ ላይ ተከልነው፣ ለማገዶ። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፣ ደግሞም ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈር ውስጥ የሚያስቀር ዛፍ ነው። እናቴም ምርጥ ምድጃ ገባላት፣ ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲተያይ ማገዶውን በጣም ይቆጥባል፣ ጭሱም ቀንሶላታል። ኩበቱ ቀስ በቀስ ቀረ።

(ዲከረንስን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ለብዙ ቤት የልጅ ደብተርና የቆርቆሮ ጣሪያ የሆነ ዛፍ ነው። ግን አካባቢው ሁሉ አንድ ዛፍ ብቻ ሲሆን ያስፈራኛል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲገባበት የስንቱ ቤት ገቢ እንደተናጋ አይተናል።)

ኮምፖስቱን የምናዘጋጀው ጥላ ሥር ነው። ደረቅ ገለባ፣ እርጥብ ቅጠልና አረም፣ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር በንብርብር ይደረደራል። እርጥበቱን በእጅ ጨብጠን እናየዋለን፤ ሲጨበጥ ተያይዞ ከቀረና ውሃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ከሦስትና አራት ወር በኋላ ጥቁር ሆኖ የዝናብ መሬት ሽታ ይሸታል። አዲስ ነገር አላመጣንም፤ ትግራይ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ሆነው በተራቆተ መሬት ላይ የኮምፖስትን ጥቅም አሳይተዋል።

ሦስተኛው ነገር ግብጦ ነው። ለአረቄና ለቆሎ ብቻ የምናስበው ይህ ጥራጥሬ ለዚህ አፈር የተፈጠረ ነው። አሲዳማ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ ሥሩም የሎሚ ዓይነት አሲድ እየለቀቀ የተቆለፈውን ፎስፈረስ ያላቅቃል። ስለዚህ ገብስ በገብስ ላይ መዝራት ትተን በመሃል ግብጦ እናስገባለን። አያቶቻችን ይህን ያደርጉ ነበር፤ ለምን እንደተውነው አላውቅም።

በመጀመሪያው ክረምት ለውጡ መጠነኛ ነበር። ኮምፖስቱ ከገባ በኋላ ግን ገብሱ አገዳው ወፈረ፣ ስንነቅለው ሥሩ ረዝሞ ነጭ ሆኖ ወጣ። ድንቹም እንደዚያው። የምድር ትል ሞፈር በዞረበት ሁሉ ይታያል፣ ድሮ አልነበረም። ዩሪያውን ቀንሰን በሁለት ጊዜ ከፍለን ነው የምንጨምረው። ይህ ኪስን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ሰብሉ ሳይወስደው የተረፈው ናይትሮጅን ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ ይበልጣል።

የአየር ንብረት ነገር ከተነሳ፣ በዓለም አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን አየር ውስጥና ዕፅዋት ሁሉ ውስጥ ካለው ተደምሮ ይበልጣል። ያ ጥቁር ኮምፖስት አንዱ ክፍሉ እዚያው ተቀምጦ ይቆያል፣ ውሃም ይይዛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም የእኛ ማሳ ከጎን ካለው ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አፈሩ ካልቆመ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ማሳችን ተዳፋት ስለሆነ እርከን ሠርተን ጠርዙ ላይ ዴሾ ሳር ተከልን። ሳሩ አፈር ይይዛል፣ ላሞቹም ይበሉታል። ከእኛ ተራራ ታጥቦ የሚወርደው አፈር አባይ ገብቶ እስከ ሕዳሴ ግድብ ነው የሚሄደው። ኖራና ኮምፖስት የለፋንበትን አፈር ለጎርፍ መስጠት ያሳዝናል።

ያልፈታነው አንድ ነገር አለ፤ ልቅ ግጦሽ። እህሉ እንደተሰበሰበ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ የተውነውን ገለባ ይጨርሳል፣ እርከኑን ይንደዋል። ይህ በአንድ ቤት ጥረት አይሆንም። ሽማግሌዎቹን ይዘን ቀበሌው ውስጥ እየተነጋገርንበት ነው፤ የእኛን ጎጥ ከሁለቱ ጎረቤት ጎጦች ጋር አንድ ላይ ለመከለል ሐሳብ ቀርቧል። ከብት በብዛት ያላቸው ሰዎች «መኖውን ከየት?» ይላሉ፣ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የዴሾ ችግኙን ለፈለገ ሁሉ በነጻ እያካፈልን ነው።